መስፈርት ቁጥር አርባ አንድ

በፍሪስላንድ ዝናብ፣ ከቦዩ ዳር ቆመን፣
ድልድይ ጠባቂውን ዳውወን ጠየቅነው፣ እኔና ሃርመን።
እኔ ማስታወሻ፣ ሃርመን ሰዓት ይዞ፣
ሽማግሌው ዝም ብሎ፣ ማንሻውን ተመርኩዞ።
«ኮምፒውተር ሊተካህ ነው» አላልነውም ከቶ፤
እሱ ግን ገብቶታል ዓይናችንን አይቶ።

«ድልድዩ ምን ያድርግ?» ብዬ ስጠይቀው፣
«መነሣቱን ተዪው፣ እሱስ ቀላል ነው፤
ከባዱ ሌላ ነው፣ ልንገርሽ አንድ ነገር፦
መጠበቅ ነው ሥራው፣ ሰው እስኪሻገር።
ወይዘሮ ትራይንትየ ባለ ጎማ ምርኩዟን እየገፋች
በየማለዳው እዚህ ትመጣለች፤
መሐሉ ላይ ስትደርስ ቆማ ትተነፍሳለች፣
ዳክዬዎቹን ቆጥራ ደግሞ ትቀጥላለች።
እሷ ሳትሻገር እጄ አይነካም ማንሻ፤
ጀልባው ይጩህ፣ ይጠብቅ እስከ መጨረሻ።»

እንዳለው ጻፍኩለት፣ ቃል ሳልጨምርበት፤
ቁጥርም ሰጠሁት፣ አርባ አንድ አልኩት።

ቃል ግን እንደ እህል ነው፣ ከቁና ቁና ሲሄድ
ፍሬው ይንጠባጠባል፣ ይቀራል ከመንገድ።
በመጀመሪያው ስብሰባ ትራይንትየ ተሠረዘች፤
«የሰው ስም አይገባም»፤ «እግረኛ» ተባለች።
በሁለተኛው ዕለት ዳክዬዎቹ ወጡ፤
«ለሥርዓቱ ባሕርይ ምን ሊጠቅሙ መጡ?»
በሦስተኛው «እስኪሻገር» የሚለው ቃል ተከሰሰ፤
«አይለካም» ተባለ፤ በቁጥርም ታደሰ።

ቁጥሩን ሃርመን አመጣ። በምሳ ሰዓት ወጥቶ፣
በረጅም ቅልጥሙ ድልድዩን አልፎ መጥቶ፣
«አሥራ ሁለት ሰከንድ» አለን፣ ፖሙን ሲገምጥ፤
ሰነዱም ቁጥሩን ዋጠው፣ ቅንጣት ሳያላምጥ።
ከሥር የማን ፊርማ አለ? የኔው ነው፣ አልክድም፤
ዓርብ ነበር፣ መሽቷል፤ ያም ምክንያት አይሆንም።

ሁለት ዓመት ሄደ። መዝገብ መዝገብ ወለደ፤
አርባ አንድ ስልሳ ሰባት ሆኖ ከቤቱ ተሰደደ።
ንድፉም ተነደፈ፣ ኮዱም ተጻፈ፤
ፈተናው በየሌሊቱ ያለ ስሕተት አለፈ።
ስክሪኑ አረንጓዴ ነው፣ ከላይ እስከ ታች ለምለም፤
ከዚያ ሁሉ ልምላሜ ግን አንድም የሚቀመስ የለም።

አዲስ ፈታኝ ገባች፣ ሬንስከ የምትባል፤
«ለምን አሥራ ሁለት? ሃያ ቢሆንስ ምን ይላል?»
ማንም አልመለሰም።
ሃርመን ጫማውን አየ።
በስምንት ሰዎች መሐል ዝምታው እንደ ጉም ቆየ።

ውሉ ጠፋ ያልነውን ልቃቂት ይዛ ቁጭ አለች፤
ከፈተናው ወደ ኮድ፣ ከኮድ ወደ ንድፍ ወረደች፤
ከንድፍ ወደ ስብሰባ፣ ከስብሰባ ወደ ፊርማ፤
በዝናብ በራሰ ገጽ ላይ የዳውወን ድምፅ ልትሰማ።

በማግሥቱ ምርኩዝ ተዋሰች፤ አሸዋ ጫነችበት፤
ድልድዩን ተሻገረች፤ መሐል ላይ ቆመችበት፤
ዳክዬዎቹን ቆጠረች፤ ሰባት ነበሩ ያን ዕለት።
ከዳር ስትደርስ ሰዓቱ፦ አርባ ስድስት።

«ትራይንትየ ባለፈው በረዶ ዐርፋለች» አለ ሃርመን ቀስ ብሎ፤
«እንግዲህ መስፈርቱም...» አለና ተወው መሐል ላይ ጥሎ።
ድልድዩ ላይ አንድ ልጅ ነበር፣ የጫማውን ክር ሊያስር ጎንበስ ያለ፤
ከኋላው በክራንች የሚያነክስ፣ እግሩ በጄሶ የተጠቀለለ።

በሰፈሩት ቁና መሰፈር አይቀርም ይባላል፤
የሃርመን እግርም ይሸመግላል።

ሰዓቱን አወጣነው፤ ዳሳሽ ገባ በምትኩ፤
ወጪው ጨመረ፤ ደብዳቤ ጽፌ ይቅርታ ጠየቅኩ።
ከስልሳ ሰባት ጎን አንድ ባዶ ዓምድ ከፈትኩ፤
«ምንጭ፦ ዳውወ። ዝናብ ነበር» ብዬ በእጄ ጻፍኩ።

ድልድዩ ሲመረቅ መጣ፣ እጆቹን ኪስ ከቶ።
አንዲት ሴት ትሻገር ነበር፤ ጀልባው ጮኸ ተቆጥቶ፤
ወለሉ ንቅንቅ አላለም።
እሱም በኮቱ ኪስ ውስጥ፣
አውራ ጣቱ ብቻ፣ የሌለ ማንሻ ላይ
ተጭኖ ይጠብቃል፣
ከዳር እስክትደርስ ሲያይ።